የሞለኪውሎች ትስስርና ሕይወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኬሚስትሪ ተምረው ወደ ባዮሎጂ የሚሻገሩ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይደናገራሉ። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ትኩረቱ ሁሉ «ጠንካራ» በተባለው ቦንድ ላይ ነበር። ባዮሎጂ ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት «ደካማ» ተብለው በአንድ አንቀጽ የታለፉት ናቸው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ከዚህ ግራ መጋባት የሚነሱ ናቸው።

በሞለኪውል ውስጥ ያለው ቦንድ በሞለኪውሎች መካከል ካለው መሳሳብ በምን ይለያል?

ውሃ ሲፈላ የሚሆነውን ማየት ይበቃል። እንፋሎቱም ውሃ ነው፤ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ጋዝ አልተበተነም። በእያንዳንዱ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅኑን ከሁለቱ ሃይድሮጅኖች ጋር የያዘው ኮቫለንት ቦንድ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ምንም አይሆንም። የተለያዩት ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ሰፊ ነው። የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ኮቫለንት ቦንድን ለመበጠስ በሞል 463 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። አንዱን የውሃ ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚያያይዘው ሃይድሮጅን ቦንድ ግን 20 ኪሎ ጁል አካባቢ ነው። ርቀታቸውም እንደዚያው፦ የመጀመሪያው 0.096 ናኖ ሜትር ሲሆን ሁለተኛው 0.18 ናኖ ሜትር ገደማ ነው።

ኮቫለንት ቦንድ እንዴት ይፈጠራል?

ሁለት አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮን ሲጋሩ። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1916 ያቀረበው አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ ነው። ካርቦን አራት ቦንድ መሥራት ስለሚችል፣ ከራሱም ጋር ረጅም ሰንሰለት ስለሚሠራ የሕይወት ሞለኪውሎች ሁሉ አጽም ሆኗል። የሁለት ካርቦኖች ነጠላ ቦንድ በሞል 348 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሚይዝ፣ በሰውነት ሙቀት በራሱ ጊዜ ይበጠሳል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። እንዲበጠስ ሲፈለግ ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ይመጣል።

አዮኒክ ቦንድ ጠንካራ ነው ተብለናል። ታዲያ ጨው ውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟው ለምንድን ነው?

ሁለቱም እውነት ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አካባቢው ነው። በደረቅ የጨው ክሪስታል ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ አዮኖችን ሙሉ በሙሉ ለመለያየት በሞል 787 ኪሎ ጁል ገደማ ይጠይቃል። ውሃ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ይሆናሉ። የመጀመሪያው፣ የውሃ ሞለኪውሎች እያንዳንዱን አዮን ይከቡታል፤ በከፊል ኔጌቲቭ የሆነው የኦክስጅን ጎናቸው ወደ ሶዲየም፣ በከፊል ፖዘቲቭ የሆነው የሃይድሮጅን ጎናቸው ወደ ክሎራይድ ይዞራል፤ በዚህም የሚለቀቀው ኃይል ክሪስታሉን ለማፍረስ የወጣውን ሊተካ ይቃረባል። ሁለተኛው፣ በመካከላቸው ውሃ ሲገባ የሁለት ቻርጆች መሳሳብ ባዶ ቦታ ላይ ከነበረው ወደ 80 ጊዜ ገደማ ያንሳል።

ይህ ለባዮሎጂ ትልቅ ትርጉም አለው። ፕሮቲን ላይ ያሉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አሚኖ አሲዶች ውሃ በሚነካው ውጫዊ ገጽ ላይ ሲገናኙ መሳሳባቸው ለዘብ ይላል። ውሃ በማይደርስበት የፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ ከሆኑ ግን አጥብቀው ሊያያዙ ይችላሉ። ስለዚህ «አዮኒክ ቦንድ ይህን ያህል ጠንካራ ነው» የሚል ቁጥር፣ የት እንደሚገኝ ካልተነገረ፣ ለሕዋስ ብዙም አይጠቅምም።

ሃይድሮጅን ያለበት ሞለኪውል ሁሉ ሃይድሮጅን ቦንድ ይሠራል?

አይሠራም። ሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮን አጥብቆ ከሚስብ አቶም ጋር መያያዝ አለበት፤ በሕይወት ውስጥ ይህ ማለት በዋነኛነት ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ነው። እነዚህ ኤሌክትሮኑን ወደ ራሳቸው ሲጎትቱ ሃይድሮጅኑ በከፊል ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በአቅራቢያው ያለ ሌላ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ነጻ ጥንድ ኤሌክትሮኑን ይዞ ይስበዋል። ካርቦንና ሃይድሮጅን ግን በኤሌክትሮኔጋቲቪቲ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የመሳብ ኃይል፣ ብዙ ስለማይራራቁ (2.55 እና 2.20) ሚቴን አራት ሃይድሮጅን ይዞ እንኳ ከጎረቤቱ ጋር አይያያዝም፤ ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

ከሚቴን ይልቅ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተሻለ ማነጻጸሪያ ይመስለኛል። ቅርጹ እንደ ውሃ ነው፣ በክብደትም ይበልጠዋል፤ ነገር ግን ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ጋዝ ይሆናል። ውሃ በመደበኛ ሁኔታ ፈሳሽ ሆኖ የተገኘው በዋነኛነት በሃይድሮጅን ቦንዶቹ ምክንያት ነው። ላብ ገላን የሚያቀዘቅዘውም በእነዚሁ ነው፤ አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 2400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ቫን ደር ዋልስ የሚባለውስ?

ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 በፊዚክስ ኖቤል ከተሸለመው ሆላንዳዊ ነው። በአቶም ዙሪያ ያሉ ኤሌክትሮኖች ባሉበት አይረጉም፤ ለቅጽበት ወደ አንድ ጎን ሲያመዝኑ የጎረቤት አቶምን ኤሌክትሮኖችም ያዘነብላሉ፣ ከዚያ ሁለቱ ይሳሳባሉ። ከሁሉም ደካማው ይህ ነው፤ ግን ማንኛውም ሁለት አቶሞች ተጠጋግተው ሲገኙ አለ። ጌኮ የሚባለው እንሽላሊት ለስላሳ ግድግዳ ላይ የሚሄደው በእግሩ ላይ ባሉት እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፀጉሮች አማካይነት ይህንኑ መሳሳብ እያደመረ እንደሆነ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 አሳይተዋል።

ዘይትና ውሃ የማይዋሃዱት ስለሚገፋፉ ነው?

አይደለም። በውሃና በዘይት ሞለኪውሎች መካከልም መሳሳብ አለ። ችግሩ ያለው በውሃው በኩል ነው። የውሃ ሞለኪውሎች በየአቅጣጫው እየዞሩ፣ ሃይድሮጅን ቦንድ እየሠሩና እያፈረሱ ይኖራሉ፤ አንዱ ቦንድ የሚቆየው በአማካይ የሴኮንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ያህል ነው። ሃይድሮጅን ቦንድ የማይሠራ የዘይት ሞለኪውል መሃላቸው ሲገባ በዙሪያው ያሉት ውሃዎች ቦንዳቸውን ላለማጣት ሲሉ የተወሰነ አቀማመጥ ለመያዝ ይገደዳሉ፤ የመዞር ነጻነታቸው ይቀንሳል። በሌላ ቋንቋ ኢንትሮፒያቸው ይወርዳል። የዘይት ሞለኪውሎቹ አንድ ላይ ከተሰበሰቡ ግን ውሃ የሚነካው ገጻቸው ያንሳል፣ የታገደውም ውሃ ይለቀቃል። ዘይቱን ያሰባሰበው የውሃው ነጻነት ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ይህ ክስተት በጥብቅ አነጋገር ቦንድ አይደለም። መጻሕፍት ከሃይድሮጅንና ከአዮኒክ ቦንድ ጎን «ሃይድሮፎቢክ ቦንድ» ብለው ሲዘረዝሩት ተማሪው በሁለት ዘይቶች መካከል ልዩ ገመድ ያለ ይመስለዋል፤ ያ ዝርዝር ባይኖር እመርጥ ነበር።

ውጤቱ ግን ግዙፍ ነው። የሕዋስ ሽፋን የተሠራው የራስ ክፍላቸው ውሃ በሚወድድ፣ ጭራቸው ግን ዘይታማ በሆነ ፎስፎሊፒድ በሚባሉ ሞለኪውሎች ነው። ጭራዎቹ ወደ ውስጥ፣ ራሶቹ ወደ ውጭ ሆነው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። አንዱን ፎስፎሊፒድ ከሌላው ጋር የሚያያይዝ ኮቫለንት ቦንድ የለም፤ ለዚህም ነው ሽፋኑ እንደ ፈሳሽ የሚንሸራተተው፣ ሲበሳ ራሱን የሚደፍነው፣ ሕዋስ ሲከፈልም ለሁለት የሚለየው።

ደካማ ከሆኑ ሕይወት እንዴት በእነሱ ላይ ተማመነች?

የገጹ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ «ደካማ» ከምን አንጻር እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞለኪውሎች በሙቀት ብቻ የሚንቀጠቀጡበት ኃይል በሞል 2.6 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ኮቫለንት ቦንድ ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ስለሆነ ንቅናቄው አይነካውም። ሃይድሮጅን ቦንድ ጥቂት እጥፍ ብቻ ነው፤ ቫን ደር ዋልስ ደግሞ ከዚሁ ጋር የሚስተካከል ወይም የሚያንስ ነው። ስለዚህ አንድ ደካማ ትስስር ብቻውን ብዙ አይቆይም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አሥር፣ ሃያ ደካማ ትስስሮች በአንድ ጊዜ ከተገጣጠሙ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ካልለቀቁ በቀር ሁለቱ ሞለኪውሎች አይላቀቁም። እንዲገጣጠሙ ደግሞ የሁለቱ ገጽታ በቅርጽም በቻርጅም መጣጣም አለበት። አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለው ሌላው ላይ ጎበጥ፣ አንዱ ላይ ፖዘቲቭ የሆነው ሌላው ላይ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ኢንዛይም የራሱን ሳብስትሬት (የሚሠራበትን ሞለኪውል)፣ ፀረ እንግዳ አካልም የራሱን ጠላት ከሺህ ሞለኪውሎች መካከል ለይቶ የሚይዘው በዚህ መንገድ ነው። ያልተጣጣመው ለጥቂት ቅጽበት ተጠግቶ ይሄዳል።

መለቀቅም ሥራ ነው። ሆርሞን ተቀባዩን ያዘ እንበል፤ ጨርሶ ካልለቀቀ መልእክቱ አይቆምም። ኢንዛይም ያዘጋጀውን ውጤት ካልለቀቀ ቀጣዩን አይሠራም። ጠንካራ ቦንድ ሞለኪውሉ ማንነቱን እንዳያጣ ይጠብቀዋል፤ ደካማው ደግሞ ሌላውን እያወቀ፣ እየያዘና እየለቀቀ እንዲሠራ ያደርገዋል። ሁሉም ትስስር ኮቫለንት ቢሆን ኖሮ ሕዋስ አንድ ድርቅ ያለ ጓል ይሆን ነበር።

ድንበሩም ሁልጊዜ ስለታም አይደለም። ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚንና ስትሬፕታቪዲን የሚባለው ፕሮቲን በኮቫለንት ቦንድ ሳይያያዙ በደካማ ትስስሮች ብዛት ብቻ ይጣበቃሉ፤ ከተጣበቁ በኋላ ግን በተለመደ ሁኔታ አይላቀቁም ማለት ይቻላል። ቤተ ሙከራዎች ይህን ጥንድ እንደ ማጣበቂያ ይጠቀሙበታል።

ዲኤንኤን የያዘው የትኛው ቦንድ ነው?

ሁለቱም፣ በየድርሻቸው። እያንዳንዱ ፈትል በስኳርና በፎስፌት መካከል ባለ ኮቫለንት ቦንድ የተሰፋ ነው፤ የፊደሎቹ ቅደም ተከተል የሚጠበቀው በዚህ ነው። ሁለቱን ፈትሎች ፊት ለፊት የሚያገናኙት ደግሞ ሃይድሮጅን ቦንዶች ናቸው፦ በአዴኒንና በታይሚን መካከል ሁለት፣ በጉዋኒንና በሳይቶሲን መካከል ሦስት። ሕዋስ ሲከፈል ወይም ጂን ሲነበብ ፈትሎቹ ተላቅቀው መገለጥ አለባቸው፤ ፊደሎቹ ግን መነካት የለባቸውም። የሁለቱ ቦንዶች የጥንካሬ ልዩነት ይህን ይፈቅዳል።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። የፈትሎቹ ጥንድ ሳይፈርስ የሚቆየው በሃይድሮጅን ቦንድ ብቻ አይደለም፤ ቤዞቹ (ፊደሎች ያልናቸው) አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው መቀመጣቸው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈትሎቹ ቢለያዩ ቤዞቹ ያጡትን ሃይድሮጅን ቦንድ ከውሃ ጋር ሊተኩት ይችላሉ። መደራረቡን ግን ውሃ አይተካላቸውም። የሃይድሮጅን ቦንዶቹ ዋና ሚና ትክክለኛውን ጥንድ ከስህተቱ መለየት ነው።

ፒሲአር የሚባለው ምርመራ ይህንኑ ይጠቀማል። ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ፈትሎቹ ይለያያሉ፣ የየፈትሉ ኮቫለንት ቦንድ ግን ባለበት ይቆያል፤ ሲቀዘቅዝ ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ጥንዳቸውን ፈልገው ይያያዛሉ። ሕዋስ ግን ማሞቅ ስለማይችል ሄሊኬዝ የሚባል ኢንዛይም ኤቲፒ (ሕዋስ ለሥራው የሚጠቀምበት የኃይል ሞለኪውል) እያወጣ ይከፍተዋል።

ፕሮቲን ቅርጹን የሚያገኘው እንዴት ነው?

አሚኖ አሲዶች በፔፕታይድ ቦንድ ይሰካካሉ፤ ይህ ኮቫለንት ነው። ከዚያ ሰንሰለቱ ይታጠፋል። ዘይታማ የሆኑት አሚኖ አሲዶች ውሃን ሸሽተው ወደ መሃል ይገባሉ፣ ሰንሰለቱ ራሱም ከራሱ ጋር ሃይድሮጅን ቦንድ ይሠራል። አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖውሊንግ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳየው አልፋ ሄሊክስ ለዚህ ምሳሌ ነው፦ እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከእሱ በኋላ አራተኛ ከሆነው ጋር ይያያዛል፣ በአንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲዶች ይገኛሉ።

አንዳንድ ፕሮቲኖች፣ በተለይ ከሕዋስ ውጭ የሚሠሩት፣ ተጨማሪ ማጠንከሪያ አላቸው፦ በሁለት የሰልፈር አቶሞች መካከል የሚሠራው ዳይሰልፋይድ ቦንድ። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶችና ሦስት ዳይሰልፋይድ ቦንዶች አሉት፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሁለቱን ሰንሰለቶቹን ያገናኛሉ።

እነዚህ ዳይሰልፋይዶች ቅርጹን ይሠራሉ ወይስ የተሠራውን ይቆልፋሉ? አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ክርስቲያን አንፊንሰን ራይቦኑክሊየዝ በሚባል ኢንዛይም ይህን ፈትሿል። ኢንዛይሙ አራት ዳይሰልፋይድ አለው፤ ስምንቱ ሰልፈሮች በ105 መንገድ ሊጣመሩ ይችላሉ። ደካማ ትስስሮችን በዩሪያ አፍርሶ፣ ዳይሰልፋይዶቹንም በኬሚካል ፈትቶ ሁለቱንም ኬሚካሎች ሲያስወግድ ሰንሰለቱ ራሱ ታጥፎ ከ105ቱ ትክክለኛውን አገኘ፣ ሥራውንም ቀጠለ። ዩሪያው ሳይወጣ ሰልፈሮቹ እንዲጣመሩ ሲደረግ ግን በዘፈቀደ ተያያዙ፣ ከቀድሞው የኢንዛይሙ ሥራ የቀረው አንድ ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ጠንካራው ቦንድ ቦታውን የሚያውቀው ደካሞቹ መጀመሪያ ካስቀመጡት ነው። አንፊንሰን በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1972 ኖቤል ተሸልሟል።

ፀጉር በካውያ ሲተኮስ ቅርጹ ቶሎ የሚመለሰው፣ በኬሚካል ሲሠራ ግን የሚቆየው ለምንድን ነው?

ካውያው የሚቀያይረው ኬራቲን በሚባለው የፀጉር ፕሮቲን ውስጥ ያሉትን ሃይድሮጅን ቦንዶች ነው፤ ውሃ ወይም የአየር እርጥበት ሲነካው እነሱ እንደገና ይፈታሉ። ኬሚካሉ ግን ዳይሰልፋይዱን ይሰብራል፣ እነሱ ደግሞ በውሃ አይመለሱም። ከሥሩ አዲስ የሚያድገው ፀጉር በቀድሞ ቅርጹ ይወጣል።

አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ቢቀየር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ማስረጃው ነው። ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን፣ ቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ ቻርጅ ያለው ግሉታሚክ አሲድ በዘይታማው ቫሊን ይተካል። ሰንሰለቱ 146 አሚኖ አሲድ ያለው ሲሆን የተቀየረው አንዱ ብቻ ነው። ነገር ግን ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲያራግፍ ያ ቫሊን በጎረቤት ሄሞግሎቢን ላይ ባለ ዘይታማ ስርጓዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ ረጅም ዘንግ ይሠራል፣ ቀይ የደም ሕዋሱም ማጭድ ይመስላል። አንድም ኮቫለንት ቦንድ በሞለኪውሎቹ መካከል አልተሠራም። ፖውሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን «የሞለኪውል በሽታ» ብለው ሰይመውታል።

ኤቲፒ «ኃይል ያከማቸ ቦንድ» አለው ይባላል። ሲበጠስ ኃይል ይወጣል?

ቦንድ ሲበጠስ ኃይል ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ይህ ያለ ልዩነት ይሠራል። ኃይል የሚለቀቀው አዲስ ቦንድ ሲፈጠር ነው። በባዮሎጂ መማሪያዎች ውስጥ ይህን ያህል የተስፋፋ ስህተት ማግኘት ይከብዳል።

ሚቴን ሲቃጠል ሂሳቡን እንሥራው። አራት የካርቦንና ሃይድሮጅን ቦንዶችን (እያንዳንዱ 413) እና የሁለት ኦክስጅን ሞለኪውሎችን ቦንድ (እያንዳንዱ 498) ለመበጠስ 2648 ኪሎ ጁል እንከፍላለን። በምትኩ ሁለት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርብ ቦንዶች (እያንዳንዱ 799) እና አራት የውሃ ቦንዶች (እያንዳንዱ 463) ሲፈጠሩ 3450 እናገኛለን። ትርፉ 802 ኪሎ ጁል ነው።

በኤቲፒም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው ፎስፌት ሲነሳ የተበጠሰው ቦንድ ኃይል ይወስዳል፤ ነገር ግን ከውሃ ጋር የሚፈጠሩት አዲስ ትስስሮች ይበልጡታል፣ ተጠጋግተው ይገፋፉ የነበሩት ኔጌቲቭ ቻርጆችም እፎይ ይላሉ። የተጣራው በመደበኛ ሁኔታ በሞል 30.5 ኪሎ ጁል ነው።

መድኃኒቶች ከሰውነት ጋር የሚያያዙት በየትኛው ነው?

አብዛኞቹ በደካሞቹ፤ ይዘው ይለቃሉ፣ ከደም ውስጥ ሲወጡም ሥራቸው ያበቃል። ኢቡፕሮፌን ዒላማው የሆነውን ኢንዛይም የሚይዘው እንዲህ ነው። አስፕሪን ግን የዚያኑ ኢንዛይም አንድ ሴሪን (አሚኖ አሲድ) አሲታይል በሚባል ቁራጭ በኮቫለንት ቦንድ ይደፍነዋል። ፕላትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ የደም ቅንጣቶች) ኒውክለስ ስለሌላቸው አዲስ ኢንዛይም መተካት አይችሉም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከደም ከወጣ በኋላም የአስፕሪን ውጤት በፕላትሌቱ ዕድሜ ልክ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ፣ ይቆያል። ፔኒሲሊንም የባክቴሪያ ግድግዳ የሚሠራውን ኢንዛይም የሚይዘው በኮቫለንት ቦንድ ነው።

አየሩ 78 ከመቶ ናይትሮጅን ሆኖ ተክሎች በቀጥታ የማይጠቀሙት ለምንድን ነው?

ሁለቱን ናይትሮጅኖች የያዘው ሦስት እጥፍ ቦንድ በሞል 945 ኪሎ ጁል ስለሚጠይቅ። ፋብሪካዎች በ400 እና 500 ዲግሪ መካከል፣ በከባድ ግፊት ይፈቱታል። ናይትሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች በአፈር ሙቀት ይሠሩታል፤ ለእያንዳንዱ የናይትሮጅን ሞለኪውል ቢያንስ 16 ኤቲፒ ያወጣሉ።

ስታርችም ሴሉሎስም ከግሉኮስ የተሠሩ ናቸው። ሰው ሣር በልቶ ለምን አይጠግብም?

ግሉኮሶቹ የተያያዙበት አቅጣጫ ስለሚለያይ። በስታርች ውስጥ አልፋ፣ በሴሉሎስ ውስጥ ቤታ የሚባል ኮቫለንት ቦንድ ነው። አልፋው ሰንሰለቱን ጠምዘዝ ያደርገዋል፣ ኢንዛይምም በቀላሉ ይደርስበታል። ቤታው ቀጥ ያደርገዋል፤ ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተኝተው በሃይድሮጅን ቦንድ ተያይዘው ውሃ እንኳ የማይገባበት ክር ይሠራሉ። የሰው ምራቅና ቆሽት የሚያመነጩት አሚሌዝ የሚቆርጠው አልፋውን ብቻ ነው። ላምም ብትሆን ሴሉሎስ የሚቆርጥ ኢንዛይም የራሷ የላትም፤ ሥራውን የሚሠሩላት በጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ተህዋስያን ናቸው።